ስንዝር

በታዝማንያ ደሴት ሐምሌ ክረምት ነው፣
ጉሙም ከሸለቆው አልነሣም ብሎ ይውላል እንደኛው።
እኛ «ባሕር ዛፍ» ያልነው፣ ባሕር አቋርጦ የመጣው፣
እዚያ ባላገር ነው፤ ማንም ከየት መጣህ አይለው።

መርል ፖም አብቃይ ነች፣ ጉልበቷ እስኪደክም ዛፍ ስትገርዝ ኖረች፤
ሰባ ሁለተኛ ዓመቷን በሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ ተቀበለች።
ከድንጋይ ቤቷ ውስጥ፣ ከሳሎኑ መሐል፣
አፉን የከፈተ የጥንት ምድጃ አለ፣ ቢገቡበት ቆሞ ሰው የሚያስጠልል።
ባሏ፣ ነፍሱን ይማር፣ አልዊን የሚሉት፣
የብረት ምድጃ ከወደብ አስመጥቶ በጭነት፣
ከድንጋዩ ሆድ ውስጥ እስከ ጥጉ ገፍቶ
እንደ ዋሻ መናኝ ወሸቀው አንድ ምሽት።

«ትንሽ ወደ ፊት ሳበው» ትለው ነበረ።
«ፍም ይፈናጠራል፣ ምንጣፉ ይቃጠላል»፣
ይህችኑ ቃል ይዞ ሃያ ሁለት ክረምት ኖረ።

እሳቱማ ይነዳል። እንጨቱም ያልቃል።
መስታወቱም ሲያዩት ወርቅ የቀለጠበት ድስት ይመስላል።
ሙቀቱ ግን ሌላ መንገድ ያውቃል፦
በቱቦው ዙሪያ በቀረው ክፍተት ሽቅብ ይሾልካል፣
ለሰማይ ይገብራል፤
ትራፊውን ደግሞ የጀርባው ድንጋይ ጠጥቶት ያድራል።

ከውጭ፣ ከግንቡ ማዶ፣ ባለቤት የሌላት አንዲት ግራጫ ድመት
ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ትተኛለች ክረምት ከክረምት።
መርልና አልዊን ቤት ውስጥ ተኮራምተው፣
ሰማይና ቁራ፣ ድመትም ጭምር፣ ሞቁ በእንጨታቸው።

አልዊን በሞተ በሁለተኛው ዓመት
ክላይቭ መጣ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው፣ ድሮ ቆርቆሮ ሠሪ የነበረው ጎረቤት።
እጁን በክፍተቱ አሾልኮ ዘረጋ፤
«እንጨት ፈልጠሽ ሰማይ ስታሞቂ ሌሊቱ ከሚነጋ፣
ይልቅ ይህን ጉሮሮ እንዝጋ።»

ሁለቱ ሽማግሎች ጎንበስ ቀና አሉ፣
መፈንቅል ከሥር አስገብተው «አንድ፣ ሁለት» እያሉ፣
ብረቱን ከዋሻው ሳቡት ወደ ክፍሉ፦
አንድ ስንዝር።

ከዚያ ቆርቆሮ ቆረጠ፣ ለቱቦው ማለፊያ ክብ ቀዳዳ አወጣ፣
ጠርዙን በማይነድ ገመድ ጠቅጥቆ፣
ነጭ ጢሙ ጠፍቶ፣ ጥቀርሻ ለብሶ ከምድጃው ወጣ።
ከጀርባም የሚያብረቀርቅ ሉህ አቆመለት፤
ሃያ ዓመት በዱቤ ሲጠጣ የኖረው ድንጋይ
ተዘጋበት።

ሊሄድ ሲል ከክምሩ ሁለት ፍልጥ አንሥቶ አጋጨ፣
«ስሚው፣ ይሄ ደረቅ ነው፣ እንደ ደወል ጮኸ።
ያኛው ግን ገና ነው፤ ድም ብሎ ይቀራል፤
እርጥብ ከማገድሽ እሳቱ ውሃ ሲያፈላ ያድራል።»

ማታ ለኮሰችው።
መጀመሪያ ምንም የለም። ብረቱ ብቻ ቀጭ ቀጭ አለ።
ቆይቶ ሳህኑ ላይ ያለው ቅቤ ዳር ዳሩን ላላ፣
የመስኮቱ ላብ ደረቀ፣
ከሰዓቱ ሥር፣ ብርድ ተከራይቶ ከኖረበት ጥግ እንኳ ለቀቀ።
አንዱን ሹራብ አወለቀች።
ሁለተኛውን ልታወልቅ፣ እጇ እላዩ ላይ ቆየ፤
እንደ ሰው ፊት አፈረች።

ከደጅ ድመቷ ጮኸች። ግንቡ ቀዝቅዞባት።
በሩን ከፈተችላት፤
ገባች፣ ግራ ቀኝ አላየችም፣ እንደ ባለርስት።

መርል ባዶውን ወንበር አየችው።
አልተቆጣችም መጀመሪያ። ከዚያ ግን ተቆጣች።
«ስንዝር ነበር፣ አልዊን» አለች።
ጣቶቿን ዘርግታ ባየሩ ላይ ለካች፣
ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ፤
ያን ሁሉ ጉንፋን፣ ያን ሁሉ ጀርባ ለጀርባ ያደሩበትን ሌሊት
በዚያች ክፍተት አስገባች።
«ስንዝር።»

ልታግድ በሩን ስትከፍት አንድ ፍም ዘለለ፣
ምንጣፉ ላይ ወደቀ፣ ጥቁር ነጥብ አስቀረ፣
ልክ እንዳለው፣ ልክ እንደፈራው፣ ሃያ ሁለት ክረምት እንዳስጠነቀቀው።
መርል ወደ ወንበሩ ዞር ብላ፣
ቀስ አድርጋ ነጥቡን
በጫማዋ ሸፈነችው።